ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ አልወጣም አልወርድም የሚል አክታ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ከአፍንጫዬ ጀርባ ወደ ጉሮሮዬ የሚወርድ ንፍጥ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ጉሮሮዬ ላይ ይጣበቃል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ቀኑን ሙሉ እህ እህ ስል እውላለሁ። ጠዋት ስነሳ ደጋግሞ ያስነጥሰኛል፣ አፍንጫዬን ያሳክከኛል። ሌሊት አንዱ አፍንጫዬ ይደፈናል፣ ያስለኛልም። ትኩሳት የለኝም፣ አልከሳሁም። ራጅ ተነስቼ ሳይነስ ነው ተብዬ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ። ለጊዜው ቀለል ይለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። አሁን ያለ አፍንጫ ጠብታ አልተኛም፤ አራት ወር ሆኖኛል። አክታ ይጨምራል ስለተባልኩ ወተት ትቻለሁ። ማታ የምገባው አምሽቼ ስለሆነ እንደበላሁ ነው የምተኛው። እናቴ ‹እንጥልሽ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪው› ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እንጥልዎን አያስቆርጡ። አራተኛ አንቲባዮቲክም አይጀምሩ። በየሌሊቱ የሚጠቀሙትን ጠብታ ደግሞ ማቆም አለብዎት፤ እንዴት እንደሚያቆሙት ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። አፍንጫዎን ሳላይ በሽታው ይህ ነው ብዬ መቁረጥ አልችልም። የጻፉት ታሪክ ግን ብዙ ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ማስነጠሱና ማሳከኩ አለርጂን ይጠቁማል። በዚያ ላይ ጠብታው የራሱን ችግር ጨምሯል። ቀን ሙሉ እህ ማለቱ ጉሮሮዎን ሳያስቆጣው አልቀረም። ማታ በልቶ ወዲያው መተኛቱም እጁ ሳይኖርበት አይቀርም። የባክቴሪያ ምልክት ግን ከጻፉት ውስጥ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ስለ ንፍጡ። ብዙ ሰው ንፍጥን ከሰውነት ተጠርጎ መውጣት ያለበት ቆሻሻ አድርጎ ነው የሚያየው። አይደለም። የጤነኛ ሰው አፍንጫና ሳይነስ (ፊት አጥንት ውስጥ ያሉት አየር የሞላባቸው ክፍተቶች) በቀን አንድ ሊትር ገደማ ንፍጥ ያመርታሉ። ንፍጡ የምንተነፍሰውን አየር ያረጥባል፣ አቧራና ጀርም ይይዛል። በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ደግሞ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይገፉታል። ከአፍንጫ ፊት ተነስቶ ጉሮሮ ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ እንውጠዋለን፤ ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ የቀረውን ይጨርሰዋል። እኔም፣ እርስዎም፣ ተማሪዎችዎም ቀኑን ሙሉ ይህንን እናደርጋለን፤ አናውቀውም እንጂ። ስለዚህ አክታ መዋጥ አይጎዳም። ሳንባ ውስጥ አይገባም፣ ሌላ በሽታም አያመጣም። ይህን አጥብቄ የምናገረው «ካልተፋሁት ይጎዳኛል» ብለው ጉሮሯቸውን ሲያስጨንቁ የሚኖሩ ሰዎች ስለሚያሳዝኑኝ ነው።

ታዲያ አንዳንድ ሰው ለምን ይሰማዋል? ንፍጡ ሊበዛ ይችላል። ሳይበዛ ሊወፍርና ሊጣበቅ ይችላል። ወይም ንፍጡ እንደ ድሮው ሆኖ ጉሮሮው ራሱ ስሜተ ስስ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ዘንድ ሦስቱም ያሉ ይመስለኛል። ብዙ ሕክምና የሚከሽፈው ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሚያባርር ነው።

አሁን ወደ አንቲባዮቲኩ። ባክቴሪያ ሳይነስን ሲያጠቃ የራሱ መልክ አለው። ጉንፋን ይዞዎት ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ይቀራል። ወይም ሊሻልዎት ከጀመረ በኋላ እንደገና ይብሳል። ወይም ከመጀመሪያው ከፍተኛ ትኩሳት፣ የፊት ሕመምና መግል የመሰለ ንፍጥ ለተከታታይ ሦስት አራት ቀን ይኖራል። ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመምም አለ፤ እሱ ከ12 ሳምንት በላይ የሚቆይ የአፍንጫ መደፈን፣ ወፍራም ንፍጥ፣ የፊት መክበድና ሽታ ማጣት ይዞ ይመጣል። የእርስዎ ማስነጠስና ማሳከክ ነው፤ ፊቴን ያመኛል ወይም ሽታ አጣሁ አላሉም። ራጁም ብዙ አያሳምነኝም። የሳይነስ ራጅ ተራ ጉንፋንን ወይም አለርጂን ከባክቴሪያ አይለይም። ለዚህ ሥራ ራጅን ከተውን ቆይተናል፤ ካስፈለገ የምናዘው ሲቲ ስካን ነው፣ እሱም ሕክምና ተሞክሮ እምቢ ካለ በኋላ።

«ግን አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል እኮ» የሚለኝ ብዙ ሰው ነው። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ነው፤ ውስጣቸው ብረት ያለበት አረንጓዴ ኢንዛይም አለ። ሴሎቹ በቫይረስም ሆነ በሌላ ምክንያት ሲሰበሰቡ ንፍጡ ይቀለማል። ሌሊት የተጠራቀመ ንፍጥም ጠዋት ጠቆር ብሎ ይወጣል። በቀለሙ ብቻ አሞክሳሲሊን ወይም አዚትሮማይሲን ከፋርማሲ መግዛት ትክክል አይደለም። መድኃኒቱን ሲወስዱ ትንሽ ቀለል ማለቱም ብዙ አይደንቅም፤ አለርጂ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በብዛት መድኃኒት የምንጀምረውም በጣም በባሰብን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ባይወሰድም መሻሉ አይቀርም ነበር። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን የእውነት ባክቴሪያ ሲይዝዎት መድኃኒቱ እንዳይሠራልዎት ነው።

ጠብታው። ስሙን አልጻፉም፤ ወዲያው የሚከፍት ከሆነ ግን ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን የሚባለው ዓይነት መሆኑ አይቀርም፤ ዕቃው ላይ ያንብቡት። የአፍንጫን ደም ሥሮች አኮማትሮ መንገዱን ይከፍታል። ለጉንፋን ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አምስት ቀን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ደም ሥሮቹ መድኃኒቱ ሲያልቅባቸው ከድሮው በላይ ያብጣሉ። እርስዎ እንደገና ይጨምራሉ። አፍንጫዎ የሚደፈነው አሁን በበሽታው ብቻ አይደለም፣ በጠብታውም ነው። ለማቆም የሚቀለው መንገድ በአንድ በኩል መጀመር ነው። ዛሬ ማታ በቀኝ በኩል አይጨምሩ፣ በግራ ብቻ ይጠቀሙ። ቀኙ ሲከፈት፣ ማለትም ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ግራውንም ይተዉ። ከታች የምነግርዎትን ስፕሬይ በሁለቱም በኩል ከመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ናቸው፤ አልዋሽዎትም። ራስጌዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ጠብታ፣ እንዲሁም ፕስዩዶኤፌድሪን ያለበትን የጉንፋን ክኒን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይነካ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው እህ ማለቱን ነው። በካሜራ ጉሮሮ ስናይ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሰው እንደሚጠብቀው የተከመረ አክታ አይደለም። አንድ ሁለት ቀጭን የንፍጥ ክር ነው፤ አጠገቡ ግን የድምፅ አውታሮቹ ጠርዝ ቀልቶ፣ አብጦ ይታያል። እህ ስንል ሁለቱ አውታሮች በኃይል ይጋጫሉ። ሲጋጩ ይቆጣሉ። የተቆጣ ሥጋ ራሱን ለመከላከል ንፍጥ ያመነጫል፤ ስሜቱም ይጨምራል። ያ ስሜት እንደገና እህ ያሰኛል። ጭረትን እያከኩ ማዳን እንደማይቻለው ነው። ንፍጡን ያመጣው ምክንያት ከጠፋ በኋላም ይህ አዙሪት ብቻውን ለወራት ሊቀጥል ይችላል። መምህርት ስለሆኑ ደግሞ ጉዳቱ በእንጀራዎ ላይ ነው የሚመጣው፤ ድምፅዎ።

ስለዚህ እህ ሊሉ ሲሉ አንድ ጉንጭ ውሃ ይጠጡ። ውሃ ከሌለ ምራቅዎን አገጭዎን ዝቅ አድርገው ጠንከር ብለው ይዋጡ። የግድ ከሆነብዎት ድምፅ ሳያወጡ፣ «ህህ» ብለው አየር ብቻ በቀስታ ያስወጡ፤ ከዚያ ይዋጡ። የውሃ ጠርሙስ ክፍል ውስጥ ከእጅዎ አይለይ። ለሚጠጣው ውሃ የተለየ ልክ የለም፤ ሽንትዎ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። ሜንታ ከረሜላ ለጊዜው ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ግን ያደርቃል፤ ሜንታ የሌለበት ይሻላል። የመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል። ባለቤትዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ እህ ሲሉ ምልክት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ግማሹን ጊዜ ሳይታወቅዎት ነውና የሚያደርጉት።

ስለ እንጥል አሁን ልናገር። እናትዎ ለክፋት አላሉም፤ አገሩ ሁሉ ሲል የሰሙትን ነው የነገሩዎት። ግን እንጥል አይወርድም። ጉሮሮ ሲቆጣ፣ ሰው ሲያንኮራፋ ወይም አፉን ከፍቶ ሲተኛ እንጥል ሊያብጥና ሊረዝም ይችላል፤ ያኔ ምላስ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ያበጠው ግን ተከትሎ ነው፣ ምክንያቱ እሱ አይደለም። እንጥል ጉሮሮን የሚያረጥብ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ስንውጥም ምግብና ውሃ ወደ አፍንጫ እንዳይመለስ ይረዳል። ተቆርጦ ሲወጣ የሚቀረው ጉሮሮ የደረቀና ጠባሳ ያለበት ነው፤ የተጣበቀ ነገር ያለ የሚመስለው ስሜትም ሊብስ ይችላል። ያ እንግዲህ በሰላም ከተወጣ ነው። በየቤቱ የሚቆረጥ እንጥል ደም አላቆም ብሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ በቴታነስ ሰው ገድሏል። ባልተቀቀለ ስለት ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስና ኤችአይቪ ይተላለፋል። ሕፃናት ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። እባክዎ እርስዎም አያስቆርጡ፤ ቤተሰብ ውስጥ ሕፃን ሲወለድም «እንጥሉን» የሚል ሰው ከመጣ ይህንን ይንገሩልኝ።

ወደ አለርጂው ልመለስ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ የሚብስ ከሆነ ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት መጀመሪያ የምጠረጥራቸው ናቸው። በረሮና ሻጋታም አሉ። ከክረምት በኋላ ሣሩ ሲያብብ ብቻ የሚብስበት ሰው ደግሞ የአበባው ዱቄት ነው። የትራስ ልብስና አንሶላ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ብርድ ልብሱና ፍራሹ በበጋ ፀሐይ ይሞቁ፤ ሲራገፍ ግን እርስዎ አያራግፉት። ቤት ሲጠረግ ወለሉ እርጥብ ይሁን። ሰሌዳው በጠመኔ የሚጻፍበት ከሆነ በደረቅ ዳስተር ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያጥፉት። ጠመኔ እንደ አበባ ዱቄት አለርጂ ባያመጣም የተቆጣ አፍንጫን ይኮረኩራል። የከሰል ጭስ፣ እጣንና ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስም እንደዚሁ። ቡና አታፍሉ ማለት አልችልም፤ የሚቻለው መስኮት ከፍቶ ማፍላትና እጣኑን መቀነስ ነው። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ያለበት ምግብ ሲበሉ አፍንጫ መፍሰሱ ግን አለርጂ አይደለም፤ የነርቭ ምላሽ ነው፣ ምንም አይጎዳም።

ሌሊት ያስለኛል ላሉት ሁለት ነገር አለኝ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው በአገራችን የአክታ ምርመራ መደረግ አለበት። ቲቢ አለብዎት እያልኩ አይደለም፤ አለመክሳትዎና ትኩሳት አለመኖሩ ደስ ያሰኛል። ግን ቲቢ በብዛት ያለበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውን በነፃ ይሠራል። እስካሁን ካላደረጉ በዚህ ሳምንት ያድርጉት። ሌላው አስም ነው። የአለርጂ አፍንጫ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሳንባውም አብሮ ይቆጣል። ሌሊት ሲያስልዎት ደረትዎ የሚያፏጭ ወይም የሚጨነቅ ከሆነ፣ ደረጃ ሲወጡ ካሳለዎት፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የአፍንጫ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳልና ጉሮሮ የመኮርኮር ስሜት ሊመጣበት ይችላል። በራስ ማቆም አይገባም፤ ሐኪሙ በሌላ ይቀይረዋል። አንገት ላይ እንቅርት ያለበትም ሰው ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ሊመስለው ይችላል።

ሆድን በተመለከተ። የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ ሲመጣ ቃር ሳይሰማ ጉሮሮን ብቻ ሊያስቆጣ ይችላል። የእርስዎ አበላል ለዚህ ይመቻል። ከእራት በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። አምሽተው ከገቡ ዋናውን ምግብ ከሥራ ሳይወጡ ወይም መንገድ ላይ ይብሉና ማታ ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ። በጾም ወቅት ቀን ሙሉ ቆይቶ ማታ በዘይት የበዛ ምግብ መጥገብም ያባብሳል። የአልጋውን ራስጌ እግር በጡብ ወይም በእንጨት ከፍ ያድርጉት፤ ትራስ መደራረብ አንገት ያሳምማል እንጂ አሲዱን አያቆምም። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ግን እንዲሁ አልሰጥዎትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ላንሶፕራዞልን የጉሮሮ ስሜት ላስቸገራቸው ሰዎች ለ16 ሳምንት ሰጥቶ መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን የተሻለ ውጤት አላገኘበትም። ግልጽ ቃር ካለዎት ነገሩ ሌላ ነው።

ወተቱን ይመልሱት። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ወፈር ስለሚል አክታ የበዛ ይመስላል፤ ንፍጥ ግን አያስጨምርም። ከጠጡ በኋላ ውሃ ቢጎነጩበት ስሜቱ ይጠፋል።

ሕክምናው የጨው ውሃና የአፍንጫ ስፕሬይ ነው፤ ለስምንት ሳምንት፣ ቀን ሳይዘለል። ከዚህ በፊት አልሠራልኝም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ወይ አጠቃቀሙን አልተማሩም፣ ወይ በአምስተኛው ቀን ትተውታል።

የጨው ውሃውን እቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ግማሽ ሊትር ውሃ ያፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይተዉት። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ቢሆን ይፍላ። ምክንያቱ ቀላል አይደለም፦ ባልፈላ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚደርስ አሜባ ሊኖር ይችላል። በጣም ብርቅ ነው፤ ከያዘ ግን ገዳይ ነው። ውሃው ለብ ሲል ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ካቃጠለዎት ጨውን ይቀንሱ። ከዚያ መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይዘው ወደ መታጠቢያው ጎንበስ ይበሉ። አፍዎን ይክፈቱ፣ በአፍዎ ይተንፍሱ። ስሪንጁን በአንዱ ቀዳዳ አስገብተው ወደ ጆሮዎ አቅጣጫ በቀስታ ይግፉ። ውሃው በሌላው ቀዳዳ ወይም በአፍ ይወጣል፤ ወደ ጉሮሮ የገባውን ይትፉት። በእያንዳንዱ በኩል አምስት ስድስት ጊዜ። ሲጨርሱ በቀስታ ይናፈጡ፣ አንዱን አፍነው በኃይል አይናፈጡ፤ ጆሮን ይጎዳል። ጠዋትና ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ሊተኙ ሲሉ አይመከርም፤ የቀረው ውሃ ሌሊት ይወርድና ያስልዎታል። ስሪንጁን ካጠቡት በኋላ ያድርቁት። የተረፈው ውሃ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይ።

ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ስፕሬዩን ይጠቀማሉ። ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ ወይም ቤክሎሜታዞን የሚባሉት ናቸው፤ የተገኘው ይሠራል። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉ፣ መቆጣትንና እብጠትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ስቴሮይድ ሲባል ሰው ይደነግጣል። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ የሚሠራውም አፍንጫ ላይ ነው፣ እንደሚዋጠው ክኒን አይደለም። አያያዙ ወሳኝ ነው። ዕቃውን ያንቀጥቅጡ። ራስዎን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያድርጉ። ለግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ፣ ለቀኝ አፍንጫ በግራ እጅ ይያዙ። ጫፉ ወደ መሐል ግድግዳ ሳይሆን በዚያው በኩል ወዳለው ዓይን ውጫዊ ጥግ ይዙር። ሁለት ሁለት ጊዜ ይርጩ፣ በየቀኑ አንዴ። ሲረጩ በዝግታ ይተንፍሱ፤ በኃይል ከሳቡት ጉሮሮ ይደርሳል። ጉሮሮዎ ላይ ከቀመሱት አፍንጫው አላገኘውም ማለት ነው። ወዲያው አይከፍትም። ለውጡ ከሳምንት በኋላ ይጀምርና ሙሉ ኃይሉ እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ትንሽ ነስር ካመጣ የሚረጩበትን አቅጣጫ ያስተካክሉ፣ ለጥቂት ቀን ያርፉ። ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ያለበት ሰው አስቀድሞ ለዓይን ሐኪሙ ይንገር። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፍሉቲካዞን፣ ቡዴሶናይድም ሆነ ሞሜታዞን በራሱ እንዳይጀምር። መድኃኒቱ ስቴሮይዱ ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው አፍንጫ ላይ የቀረው ደም ውስጥ ይከማቻል። ለእሱ የሚሻለው ቤክሎሜታዞን ነው፤ ያንንም ሐኪሙ አውቆት።

ለማስነጠሱና ለማሳከኩ ማታ ማታ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም መጨመር ይቻላል። ከኋላ ለሚወርደው ንፍጥ ብቻውን ብዙ አያደርግም። ክሎርፌኒራሚን ግን ለእርስዎ አልመርጥም፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋዎታል፣ ንፍጡንም ያደርቀውና ያጣብቀዋል። አክታ ማቅጠኛ ሲሮፕ ገንዘብዎን አይጨርስ፤ ከአፍንጫ ለሚወርድ ንፍጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማርና ዝንጅብል በሙቅ ውሃ ይጠጡ፣ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። የዳማከሴ ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሱረት ወደ አፍንጫ አይግቡ፤ ያነደደው ሁሉ ያዳነ ይመስላል፣ የሚያደርገው ግን የተቆጣውን ሽፋን ማቃጠል ነው። እንፋሎት መታጠን ለጊዜው ያቀላል። ሕፃን ባለበት ቤት ግን የፈላ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጦ መታጠን አልወድም፤ በዚህ የተቃጠሉ ልጆች ብዙ ናቸው።

ስምንት ሳምንት የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ከአንድ ወገን ብቻ ደም የቀላቀለ ወይም የሚገማ ንፍጥ፣ ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ አንገት ላይ የወጣ እብጠት፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቅ ትኩሳት፣ ምክንያት የሌለው ክሳት። ጎንበስ ሲሉ ከአንድ አፍንጫ ንጹሕ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ በተለይ ራስ ከተመታ በኋላ፣ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ዓይን ዙሪያው ካበጠና ከቀላም እንደዚሁ። መምህርት ስለሆኑ ይህንንም ልጨምር፦ በአንድ አፍንጫው ብቻ የሚገማ ንፍጥ ያለበት ትንሽ ልጅ ካዩ ባቄላ፣ ዶቃ ወይም የላጲስ ቁራጭ ከቶበት ሊሆን ይችላል። ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ለወላጆቹ ወዲያው ይንገሩ።

እነዚህ ከሌሉ ስምንቱን ሳምንት ይሞክሩ። ንፍጡ ጨርሶ ይጠፋል ብለው አይጠብቁ፤ አለርጂ የሚታገሡትና የሚቆጣጠሩት ነገር ነው። የምጠብቀው ጠብታውን ሳይፈልጉ መተኛትዎን፣ ጠዋት የሚያስነጥሱት መቀነሱን፣ እህ ማለቱ ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ መቀነሱን ነው። አንድ ስፕሬይ ብዙውን ጊዜ ለወር ብቻ ስለሚበቃ ሁለተኛውን ሳያልቅ ይግዙ። ጥሩ ሲሆንልዎት ወደ አንድ አንድ ጊዜ ይቀንሱት።

ካልተሻለዎት የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱና አፍንጫዎ በካሜራ ይታይ፤ ሌላ ራጅ አይነሱ። የመሐል ግድግዳው መጣመሙ፣ ፖሊፕ (ከአፍንጫ ሽፋን የሚበቅል ለስላሳ እብጠት) መኖሩ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። «አፍንጫሽ ውስጥ ሥጋ አለ፣ ይቆረጥ» ከተባሉ ሥጋው ፖሊፕ ነው ወይስ ሁላችንም ያለን አየር የሚያሞቀው ሥጋ ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ካስፈለገ ይቀነሳል እንጂ። ቀዶ ሕክምና መንገድ ይከፍታል፣ አለርጂን አያድንም፤ ከእሱም በኋላ ስፕሬዩ ይቀጥላል። የቆዳ የአለርጂ ምርመራ ከታዘዘልዎት ሴትሪዚኑን ከአንድ ሳምንት በፊት ያቁሙ፣ አለበለዚያ ቆዳዎ ምላሽ አይሰጥም። የአፍንጫ ስፕሬዩ ምርመራውን ስለማያበላሽ እሱን አያቋርጡ።